የእድራችን የይለፍ ቃል

ባለቤቴ ሶፎንያስ ያረፈው በ2083 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ነው። ሆስፒታሉ ደቂቃውንና ሰከንዱን ጭምር ጽፎ ሰጠኝ። ከሥሩ ደግሞ “እስከ ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ድረስ የቀብር ፈቃድ ካልቀረበ አስከሬኑ ወደ ክብር ሽኝት ማዕከል ይተላለፋል” የሚል መስመር ነበረበት። ክብር ሽኝት የሚሉት ከከተማው መውጫ ላይ ያለውን፣ እኛ ማሟሚያው የምንለውን ሕንፃ ነው። እዚያ ሰው በፍል ውሃና በኬሚካል ግማሽ ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይሟሟል። ውሃው ተጣርቶ የአስፋልት አካፋይ ላይ የተተከለውን ሣር ያጠጡበታል። ንጹሕ አሠራር ነው ይላሉ፤ እኔም ንጹሕ አይደለም አላልኩም። ደብረ ብርሃን ውስጥ እንኳን ለሞተ ለቆመም ቦታ ጠፍቷል።

አፈር የሚያገኘው እድር ያለው ሰው ብቻ ነው። የእኛ እድር ከከተማው ወጣ ብሎ ቁራጭ መሬት አለው። አባል ሲሞት እድሩ በሦስት ቀን ውስጥ ኢንተርኔት ላይ ባለው የእድሩ ገጽ ገብቶ “ይህ ሰው የእኛ ነው፣ ቦታ አለው፣ እንቀብረዋለን” ብሎ ማረጋገጥ አለበት። ይህን የሚያደርገው የእድሩ ፀሐፊ ነው። የእድሩ ፀሐፊ እኔ ነኝ።

ሶፎንያስ ማሟሚያውን አጥብቆ ይጠላ ነበር። ሕመሙ ሲጠናበት አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነኝ። “ሄራን፣ ሌላው ይቅር፤ አፈር አልብሱኝ” አለኝ። አለብስሃለሁ አልኩት። ሥራዬ ስለሆነ እንደ ቀላል ነገር ነበር ቃል የገባሁለት። ለስንት ሰው ባልና ሚስት ሠርቼዋለሁ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ስልኬን ስከፍት አዝኜ ነበር እንጂ አልተጨነቅኩም። ገጹ ግን አላስገባ አለኝ። “የይለፍ ቃልዎ ከተሰጠ ሃያ ዓመት አልፎታል። በአዲሱ ደንብ መሠረት አሁኑኑ ይቀይሩ” ይላል። ቀየርኩ። “በትክክል ተቀይሯል። እንደገና ይግቡ” አለ። አዲሱን አስገባሁ። “ስም ወይም የይለፍ ቃል ትክክል አይደለም።” ዓይኔ በእንባ ስለተሞላ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ አንድ በአንድ እየለቀምኩ እንደገና ጻፍኩ። ትክክል አይደለም። የድሮውን ሞከርኩ። እሱም ትክክል አይደለም። ከዚያ በኋላ ገጹ ቀይ ሆነ፣ “መግቢያው ለአንድ ሰዓት ተቆልፏል” አለኝ።

አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። ተቆልፏል። ሌላ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ፤ አሁንም ተቆልፏል። ማንም ሳይነካው ሰዓቱ እንዴት እንደማያልቅ አልገባኝም። ሰርቨሩን የሚያከራየን ድርጅት ጋ ደወልኩ፤ ከፊቴ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሰው አለ አለኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደለጠፍኩ ቤቴ ገባሁ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ማክቤል ድንኳን አስተክለው፣ ወንበር አስደርድረው፣ ጥሩምባውንም ራሳቸው ነፍተው ጨርሰዋል። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ጥሩምባውን ለሌላ ሰው አይሰጡም። በእኛ ሰፈር የሰው ሞት ገጹ ላይ ቢወጣም ጥሩምባው ካልተነፋ ሞተ አይባልም። ጎረቤት ከበበኝ፣ “እግዚአብሔር ያጥናሽ” አለኝ፣ እኔም በአንድ ጆሮዬ የድርጅቱን ሙዚቃ እየሰማሁ አለቀስኩ። በአሥራ አንድ ሰዓት “የዛሬው አገልግሎት አብቅቷል” ብሎ ዘጋብኝ።

ረቡዕ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ተራዬ ደረሰ።

“የድጋፍ ባለሙያ አርባ ሰባት ነኝ፤ ምን ልርዳዎት?” አለ ድምፁ። ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰው መሆኑን አወቅኩ። እግዜር ይስጠው፣ ሰው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ነገሩን ነገርኩት።

“ፓስወርዱን ከቀየሩ በኋላ ሰርቨሩን ሪስታርት አድርገውታል?”

“እኔ ምኑን አውቄው?”

“አዲሱ የሚሠራው ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ ነው፣ እመቤቴ። ገጹ መናገር ነበረበት።”

“አልነገረኝም።”

“አዎ፣ አይናገርም” አለ። “እኔ አስነሳልዎታለሁ። ከተነሳ በኋላ ወዲያው ይሞክሩ።”

አስነሳው። ወዲያው ጻፍኩ፤ ጣቴ ሳያርፍ ቀይ ሆነ። ተቆልፏል። አርባ ሰባት ሲተነፍስ ይሰማኛል።

“እመቤቴ፣ ይህን መግቢያ ስንት ሰው ነው የሚጠቀምበት?”

“እድር ነው” አልኩት።

“ስንት ሰው ነው?”

“መቶ አሥራ ሁለት ቤት።”

“አየሁት። ሰርቨሩ በተነሳ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ከመቶ በላይ ቦታ የድሮው ፓስወርድ ተሞክሯል። እርስዎ ከመግባትዎ በፊት ቆለፉብዎት። ከተቆለፈ በኋላ ደግሞ አንድ የተሳሳተ ሙከራ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። አንድ ሙሉ ሰዓት ማንም ሳይሞክር ማለፍ አለበት። ያኔ ይከፈታል፣ አዲሱም ይሠራል።”

“ማንም እኮ አልሞከረም፤ ሁሉም ድንኳን ውስጥ ነው።”

“ሰዎቹ አይደሉም፣ ግድግዳዎቻቸው ናቸው።”

ይህን ያደረገው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ሰው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከሃያ ዓመት በፊት እድሮች ሁሉ ወደ ክላውድ ይግቡ ሲባል ከተማው ለአንድ እድር አንድ መግቢያ ብቻ ሰጠ። ፀሐፊው ያኔ ሶፎንያስ ነበር። ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሰው ተነሳና “ምን ማለት ነው፣ የሁላችን ነገር በአንድ ሰው ኪስ ይገባል እንዴ? እድር ሚስጥር የለውም” አለ፤ አጨበጨቡለት። ሶፎንያስ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቤቱ እየዞረ፣ ድምፅ ሰምቶ ቤቱን በሚያስተዳድረው፣ ስክሪን በሆነው የሽማግሌዎቹ ግድግዳ ላይ የይለፍ ቃሉን በእጁ እያስገባ፣ “አስታውስ” እያለ አስጠናቸው። ከዚያ ወዲህ ግድግዳዎቻችን በየግማሽ ሰዓቱ ራሳቸው ገብተው፣ ማን ሞተ፣ ድንኳን የማን ተራ ነው የሚለውን አምጥተው ያሳዩናል። በዚያ ሥራው ይኮራ ነበር። እኔም ኮርቼበት ነበር፤ አሁን ግን ተናደድኩበት፣ በሞተ ሰው ላይ።

“አንተ ከዚያ ሆነህ ልትከለክላቸው አትችልም?” አልኩት አርባ ሰባትን።

“የአባል መሣሪያ የምከለክለው ፀሐፊዋ ገብታ ስትፈቅድልኝ ነው።”

“ፀሐፊዋ እኮ መግባት አልቻልኩም።”

“ይገባኛል” አለ። የእውነት የገባው ይመስለኛል። “በየቤቱ ይሂዱና ግድግዳውን እርሳ ይበሉት። ባለቤቱ ራሱ በድምፁ ነው ማለት ያለበት፤ የእርስዎን አይሰማም።”

ሐዘንተኛ ከቤቷ አትወጣም። እኔ ግን ጥቁር ነጠላዬን አጥብቄ፣ ለመቀመጥ የመጣውን ጎረቤት እየቀሰቀስኩ ወደየቤቱ ወሰድኩት። መቶ ሰው ድንኳኔ ውስጥ አገጩን ይዞ ያጽናናኛል፤ የመቶው ሰው ግድግዳ ደግሞ ቤቱ ሆኖ በየግማሽ ሰዓቱ ባሌን ከመቃብሩ ያስቀርብኛል። አንዳንዱ ቶሎ ገባው። አንዳንዱ “ይሄ ነገር ውሃ አያስቆርጥብንም?” አለኝ። እትዬ ሶልያና ጋ ስደርስ ግን ተጣበቅኩ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ አንዲት ልጃቸው ሞታባቸው ብቻቸውን ይኖራሉ።

“እርሳ ልበለው?” አሉኝ በፍርሃት።

“አዎ፣ እርሳ ብቻ ይበሉት።”

“ልጄንም ቢረሳትስ? ፎቶዋ ያለው እዚሁ ግድግዳ ላይ ነው። ድምፅዋም።”

“የእድሩን ገጽ እርሳ ይበሉት እንጂ ሌላውን አይነካም።”

“ይህን አንቺ ነሽ የምትዪው። እሱ ምን እንደሚሰማ በምን አውቃለሁ? ባለፈው ብርሃን ቀንስ ብዬው ሙቀቱን አጥፍቶብኝ በብርድ ልሞት ነበር።”

“አፈር ስሆን እትዬ ሶልያና፤ ሶፎንያስን ሊያሟሙብኝ ነው።”

አሮጊቷ ግድግዳቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ልጃቸው እዚያ ላይ በሰርግ ልብስ ሆና ትስቃለች። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ ጸሎት ቀስ ብለው፣ “የእድሩን ገጽ እርሳ” አሉ። ሲገልጡ ልጅቱ እዚያው ነበረች። እቅፍ አድርገውኝ አለቀሱ። ለማን እንደሆነ እንጃ፤ እኔም ለየትኛው እንደማለቅስ አላወቅኩም።

እስከ አመሻሽ ድረስ ስልሳ ስምንት ቤት ጨረስኩ። የቀሩት አርባ አራቱ ሥራ ውለው ገና አልተመለሱም። ስልካቸውን አላውቅም፤ የአባላቱ ዝርዝር ያለው ገጹ ውስጥ ነው። ለመግባት እነሱን ማግኘት አለብኝ፣ እነሱን ለማግኘት ደግሞ መግባት አለብኝ። ይህን ለጋሽ ማክቤል ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አስተካከሉና ቆሙ።

“ለዚህ ምን ያንገበግብሻል? ጥሩምባ አለን አይደል እንዴ! አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ከሥራ ይገባል። እነፋለሁ፣ ሁሉም ድንኳን ይመጣል፣ አንድ ላይ እንነግራቸዋለን።”

እኔም ጎበዝ አልኩ። ሁላችንም ጎበዝ አልን። ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጠው ሽማግሌ መካከል አንድ ሰው እንኳ “ቆዩ እስቲ” አላለም።

ጋሽ ማክቤል ከምንኖርባቸው ብሎኮች መሀል ቆመው ነፉ። ደረታቸው ደክሟል እንጂ ጥሩምባው አልደከመም፤ በአምስቱም ብሎክ ተሰማ። መስኮቶች ተከፈቱ። ከየመስኮቱ የሰማሁት አንድ ቃል ነው፦ “ደግሞ ማን ሞተ?”

ሶፎንያስ መሞቱን ሁሉም ያውቃል፤ ለእሱ ማክሰኞ ተነፍቷል። ዛሬ የተነፋው ለሌላ ሰው መሆን አለበት። እና መቶ አሥራ ሁለቱም ቤት ጥሩምባ ሲሰማ ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ፤ ወደ ግድግዳው ዞሮ የእድሩን ገጽ አምጣ አለ። እርሳ የተባሉት ግድግዳዎች “አላስታውስም፣ የይለፍ ቃሉን ይንገሩኝ” አሉ። ሰውም ነገራቸው። ሃያ ዓመት የሚያውቀውን፣ ልጁ ሁሉ የሚያውቀውን የድሮውን ነገራቸው። አልሠራ ሲል ደገመ፣ ሠለሰ። መጨረሻ ላይም ለጥንቃቄ ብሎ “አስታውስ” አለው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ጢም አለ። “ገጹ አልከፍት አለን፤ ማን ነው የሞተው?” እያሉ ነበር የመጡት። ጋሽ ማክቤል ጥሩምባውን እንደያዙ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቀኑን ሙሉ የዞርኩት ሁሉ ከንቱ ሆኖ ቀረ፤ ተነስቼ ሰው መሀል ጮህኩ። ምን እንዳልኩ ሙሉ በሙሉ አላስታውስም። “ገደላችሁት” ያልኩ ይመስለኛል። ማንም አልተቀየመኝም፤ የሐዘንተኛ ቃል አይያዝም።

ሐሙስ ሁሉም ሥራውን ትቶ ዋለ። ይህን አልክድም። ጋሽ ማክቤል እያንዳንዱን በር ራሳቸው አንኳኩ፣ እያንዳንዱን ሰው እፊታቸው እርሳ አሰኙ፣ በርግጥ መርሳቱን አረጋገጡ። ጥሩምባውን መጋዘን ቆልፈውበት ቁልፉን ሰጡኝ። ስምንት ሰዓት ላይ መቶ አሥራ ሁለተኛው ቤት አለቀ። ስድስት ወንዶች አካፋና ዶማ ይዘው ወደ እድሩ መሬት ወጡ፤ መተዳደሪያ ደንባችን ጉድጓድ በማሽን እንዲቆፈር አይፈቅድም። አፈሩ ጠጣር ነበር፣ ግን እስከ አሥር ሰዓት የአንድ ሰው ቁመት ያህል ወረዱለት።

እኛ ድንኳኑ ውስጥ ያንን አንድ ሰዓት ጠበቅን። ማንም ስልኩን አልነካም። ልጆችን ሳይቀር ዝም አሰኙ፣ ግድግዳዎቹ በር ዘግተን እንኳ የሚሰሙን ስለሚመስለን። ሰዓቱ ሞላ፤ ለጥንቃቄ ግማሽ ሰዓት ጨመርኩበት። ከዚያም ሁሉም እያየኝ ጻፍኩ።

ቀይ። ተቆልፏል።

“ሌላ ሰው አለ!” አሉ ጋሽ ማክቤል ተነስተው። “ማን ነው? አሁን ይናገር!” እርስ በርስ ተያየን። ሰው ጎረቤቱን ጠረጠረ። አንዱ የአንዱን ቤት ልፈትሽ አለ፣ ሌላው ምን አድርጌህ ነው አለ፤ ሁለት ሰዎች ተያይዘው ሌሎች ገላገሏቸው። ጠቡ በርዶ የድጋፍ መስመሩ ላይ ስደውል ሙዚቃው ሳይጀምር ዘጋ፤ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር።

ዓርብ ጠዋት በአንድ ሰዓት መስመሩ ሲከፈት ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ቆሜ ነበር የደወልኩት። ተራዬ ሰባተኛ እንደሆነ ነገረኝ። አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ አርባ ሰባት አነሳ። እሱ በመሆኑ አመሰገንኩ።

“አንድ ብቻ ቀርቷል” አለ ወዲያው። “ግድግዳ አይደለም። የእጅ መታወቂያ አምባር ነው፤ በየአምስት ደቂቃው ይሞክራል። የሚሞክረው ከ…” አለና አቆመ።

“ከየት ነው?”

“እመቤቴ፣ ከሆስፒታል ነው። ከምድር ቤት።”

ያኔ ትዝ አለኝ። ማናችንም በእጃችን አምባር ላይ የእድር ገጽ የለንም። ሶፎንያስ ግን ፀሐፊ ሳለ የራሱን አምባር ከገጹ ጋር አያይዞት ነበር፣ ሰው ሞቶ እሱ ሳይሰማ እንዳያድር። ሥራውን ለእኔ ካስረከበም በኋላ አላወለቀውም። ገበታ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ አልጋ ላይ ሆነን ሲነዝረው ያየዋል። ሃያ ዓመት አጠገቡ ተኝቼ ያንን አምባር ረሳሁት። መቶ አሥራ ሁለት ቤት ስዞር የራሴን ባል ክንድ ረሳሁ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። የአስከሬን ክፍሉ ሠራተኛ ሹራብ ላይ ካፖርት የደረበ ጎልማሳ ነው፤ ደረቱ ላይ ናታኒም የሚል ስም አለ። አንድ ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ነበር።

“ወንድሜ፣ የባለቤቴን አምባር አውልቅልኝ።”

“እናቴ፣ አምባሩ መታወቂያው ነው። ፈቃድ ሳይመጣ አስከሬን ያለ መታወቂያ ማስቀመጥ አልችልም።”

“ፈቃዱ የሚመጣው አምባሩ ሲወልቅ ነው።”

ነገርኩት። ሁሉንም፣ ከኮሪደሩ ጀምሬ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ፊቱ ቀላ፣ ወደ ማሽኑ ዞሮ ሞከረ፣ አስከሬኑ ያለበት መሳቢያ በፈቃድ ቁጥር ካልሆነ አልከፈት አለው። ቁጥሩን የሚሰጠው የእድሩ ገጽ ነው።

“እሺ፣ አንድ ሰዓት ጨምርልኝ። አሁን ቢወልቅ እንኳ አንድ ሰዓት ያስፈልገኛል።”

“ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ብሆን እሰጥሽ ነበር። እኔ የምጠርግና የምፈርም ሰው ነኝ።” ከዚያም የተከለከለ ነገር እንደሚያደርግ ሰው ዞር ዞር ብሎ አየና ወደ ውስጥ አስገባኝ። “ባይሆን እዪው” አለኝ።

መሳቢያው መስታወት ነው። ሶፎንያስ እስከ ደረቱ ተሸፍኗል፤ የግራ ክንዱ ውጭ ነው። ፂሙን አልተላጨም፣ ይህ አናደደኝ፤ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ልላጭህ ስለው ነገ ብሎኝ ነበር። አምባሩ ላይ ጤፍ የምታህል አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች። አንድ ሰዓት ከአርባ። በየአምስት ደቂቃው ብልጭ ትላለች። እድራችን ውስጥ ማን እንደሞተ እየጠየቀች ነው። መስታወቱን በጥፍሬ ቧጠጥኩት። “ተው፣ ሶፎንያስ፣ በቃህ” አልኩት። አርባ አምስት ላይ ደግማ በራች። ሃምሳ ላይ። ሃምሳ አምስት ላይ። ናታኒም ከኋላዬ ቆሞ አፍንጫውን ሲስብ ይሰማኛል።

ልክ በሁለት ሰዓት መሳቢያው ራሱ ተንቀሳቀሰ። በጀርባው በኩል በር ተከፍቶ ነበር፤ ገባና በሩ ተዘጋ። ድምፅ የለውም፤ ሰው ሲወስድ ድምፅ እንኳ የለውም።

ወደ እድሩ መሬት የሄድኩት ሌላ የምሄድበት ስለሌለ ነው። ሰው ሁሉ እዚያ ነበር፤ በሁለት ሰዓት ፈቃዱ ይወጣል፣ በአራት እንቀብራለን ተባብለን ተቀጣጥረን ነበርና። ባዶ እጄን ስመጣ ሲያዩኝ ማንም አልጠየቀኝም። ጉድጓዱ ተከፍቶ፣ አፈሩ በአንድ በኩል ተቆልሎ፣ ስድስቱ ወንዶች በአካፋቸው ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ስሙ የተቀረጸበት ድንጋይም መጥቷል። ሴቶቹ እኔ እስክጀምር ይጠብቃሉ፤ እኔ ግን እንባ አልነበረኝም። አፈር አለብስሃለሁ ብዬ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሞት ቀርቦ የለመነኝን ሰው ዋሸሁት።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። አርባ ሰባት ነበር፤ ደንባቸው ባይፈቅድም ራሱ ደወለልኝ። “እመቤቴ፣ አምባሩ ክብር ሽኝት ከገባ ወዲህ ጠፍቷል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ሙከራ የለም። አሁን ይከፈትልዎታል” አለ። ከዚያ “አዝናለሁ” ብሎ ዘጋው። ስልኩ ላይ ጻፍኩ። ገባሁ።

ገጹ አረንጓዴ ነበር፤ ሰላም ብሎ ተቀበለኝ። የሶፎንያስ ስም ከላይ ነው። የእድሩ አባል መሆኑን አረጋገጥኩ፣ ቦታውን መረጥኩ፣ ፈቃዱ ወጣ። ያው ሁለት ደቂቃ ነበር የፈጀው። ቀጥሎ ጥያቄ መጣ፦ “ቀብሩ ተፈጽሟል?” ከሥሩ አዎ እና አልተፈጸመም የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። አልተፈጸመም ከተባለ ቦታው በዚያው ሰዓት ወደ ከተማው ይመለሳል። አዎ ከተባለ ለሃምሳ ዓመት በስሙ ይቆያል። የማሟሚያው መዝገብና የእድሮች መዝገብ አይነጋገሩም፤ ይህን ፀሐፊ ሆኜ አውቀዋለሁ።

ጋሽ ማክቤል በትከሻዬ በኩል ጎንበስ ብለው አዩ። ዓይናቸው ደክሟል።

“ምን ይላል?”

“ተቀብሯል ወይ ይላል።”

በሐሰት ፈርሞ የተገኘ ፀሐፊ ከእድሩ ይባረራል፤ ደንቡን ያጸደቁት እርሳቸው ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙት።

“አንቺ ምን ትያለሽ?”

አዎ የሚለውን ተጫንኩ። ለሁሉም እንዲታይ አድርጌ ነው የተጫንኩት።

“በሉ አፈሩን መልሱ” አሉ ጋሽ ማክቤል ወደ ወንዶቹ ዞረው።

መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አንደኛው አካፋውን አፈሩ ውስጥ ከተተ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አፈሩ ሲወርድ ምንም የሚያርፍበት ስለሌለ ድምፁ ሩቅ ነበር። እትዬ ሶልያና ነጠላቸውን ጣል አድርገው ጮኹ፣ ሴቶቹ ተቀበሏቸው፣ ያኔ እንባዬ መጣ። ለባል እንደሚለቀሰው አለቀስኩ። ምንም ያጎደልኩለት አልነበረም፣ ከእሱ ከራሱ በቀር።

አፈሩ ሞልቶ ጉብታ ሲሆን ድንጋዩን የያዘው ሰውዬ ተሸክሞት መጣ። ዙሪያውን አየ፤ ወዲህም ወዲያም አንድ ዓይነት አፈር ነው። ከብዶት ነበር፣ ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ወደ እኔ ተመለከተ።

“እትዬ ሄራን፣ ራስጌው በየት በኩል ነው?”

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

“በዚህ በኩል” አልኩት፣ በእጄ አሳየሁት።